የመጀመሪያ ፎር ዊላችሁን ባሕር ዳር ላይ ስትገዙ፦ ከቀብድ በፊት የሚያልቅ ሥራ

ሐምሌ ላይ ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ቪታራዬ ዋልካ ውስጥ ተቀረቀረች። ፎር ዊሉን (በአራቱም ጎማ የሚያስኬደውን) አስገባሁ፤ ነዳጅ ሰጠሁ። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ ይረጫሉ፣ የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ያወጣኝ አንድ ጥማድ በሬ ነው። በማግስቱ መካኒክ ሥሯ ገብቶ ሲያይ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ዘንግ ጭራሽ የለም። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው አስፈትቶ ጥሎታል። እኔም ሳላይ ገዝቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሊገዛ ያሰበ ወጣት ሁሉ ለእኔ ይደውላል። ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። በበጋ ይገዛሉ። በመልክ ይገዛሉ። ደላላ ስላጣደፋቸው በአንድ ከሰዓት ይጨርሳሉ። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል አታዛቡ። ደረጃ 7ን ሳትጨርሱ ብር ከኪሳችሁ አይውጣ።

ደረጃ 1፦ መንገዳችሁን ጻፉ

ወረቀት አውጡ። ባለፉት ሦስት ወራት የሄዳችሁባቸውን ቦታዎች ጻፉ። ልትሄዱ የምትመኙትን አይደለም፣ የሄዳችሁበትን።

ዝርዝሩ ጎንደር፣ ደብረ ታቦርና አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ መንገዱ አስፋልት ነው። ፎር ዊል አያስፈልጋችሁም። የሰፈራችሁ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ቢያስቸግራችሁ እንኳ የሚያስፈልጋችሁ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ነው። ከፍታና ፎር ዊል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ክረምት ላይ ፎገራ፣ ደንቢያ፣ ዘጌ ወይም ከመራዊ ወደ ውስጥ ገባ የምትሉ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና። ጎማ ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይሞላዋል። እዚያ እውነተኛ ፎር ዊልና ጥሩ ጎማ ይፈለጋል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

ከፍታንም አስቡበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ይጠጋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ባለ 1.3 ሊትሯ ትንሽ መኪና ከአምስት ሰውና ከጤፍ ኩንታል ጋር ዳገት ላይ ስትለምናችሁ አትደነቁ።

ደረጃ 2፦ ብሩን ለሁለት ክፈሉ

ያላችሁን ገንዘብ አምስት ቦታ ክፈሉት። አራቱ ለመኪናው፣ አንዱ ከግዢ በኋላ ላለው ወር። ይህች አምስተኛ እጅ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለቺንጋ (ለሞተር ቀበቶ) እና ለስም ማዛወሪያ ናት። ደላላ «ትንሽ ጨምሩና የተሻለውን ውሰዱ» ሲል የሚያያት እሷን ነው። አትስጡት።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ታግዷል። በገበያው ላይ የሚዞረው አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ነው ማለት ነው። «አዲስ የገባ» ለሚል ሻጭ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) መቼ እንደወጣ አሳየኝ በሉት።

ደረጃ 3፦ የፎር ዊሉን ዓይነት ለዩ

ስሙን ሳይሆን ከሥር ያለውን ነው የምትገዙት። ሁለት ዓይነት እንበል።

የመጀመሪያው በማንሻ ወይም በሚጫን ቁልፍ የሚገባ ነው። 2ኤች፣ 4ኤች፣ 4ኤል የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። 2ኤች በሁለት ጎማ ነው። 4ኤች በአራቱ፣ በመደበኛ ፍጥነት። 4ኤል በአራቱ፣ በጣም ቀስ ብሎ ግን በብዙ ጉልበት። የድሮዋ ቪታራ፣ ጂምኒ፣ ሃይሉክስ እዚህ ይመደባሉ። ለጭቃ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ከቪታራም ከሃይሉክስም በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄዱ አሉ። ቁመታቸው ያታልላል።

ሁለተኛው ሁልጊዜ ወይም ሲያንሸራትት በራሱ የሚሠራ ነው። ራቭፎርና ቴሪዮስ እዚህ ናቸው። ለጠጠር መንገድና ለዝናብ ምቹ ናቸው፤ 4ኤል ግን የላቸውም። ጥልቅ ዋልካ ውስጥ ገብተው ቢቀሩ አትፍረዱባቸው። ከራቭፎርም በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ አለ።

ላንድክሩዘርና ፕራዶ? መኪናዎቹ ጠንካራ ናቸው፣ ክርክር የለኝም። ለመጀመሪያ መኪና ግን የአንድ ሰርቪሳቸው ወጪ የቤት ኪራይ ያህል ነው። እናንተ ከፈለጋችሁ ቀጥሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት ጋራዥ ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የዚህ መኪና ዕቃ ባሕር ዳር ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው?» መልሱ «ከአዲስ» ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ብልሽት መኪናዋ ቀናት ትቆማለች ብላችሁ አስቡ።

ደረጃ 4፦ መኪናውን ሳይሆን ወረቀቱን ቀድማችሁ እዩ

መኪናዋን ከወደዳችሁ በኋላ ወረቀት ስታዩ ዓይናችሁ ይታወራል። ስለዚህ ወረቀቱ ይቅደም።

1. ሊብሬውን ጠይቁ፤ ፎቶኮፒውን አይደለም። ስሙን ከሻጩ መታወቂያ ጋር አመሳክሩ።
2. የሻንሲ (የሥር ብረት አካሉን) እና የሞተር ቁጥሩን ራሳችሁ መኪናው ላይ አንብቡ። በጨርቅ ጠርጉና ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ደላላው «አይቼዋለሁ» ቢል አትቀበሉ።
3. የሠሌዳውን ኮድ እዩ። በቆየው የሠሌዳ አሠራር ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ነው።
4. ቀረጥ ከፍሎ የገባ መሆኑን አረጋግጡ። ቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ወደ እናንተ ስም አይዞርም።
5. ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት አስጠይቁ። በባንክ ብድር የተያዘ መኪና በቃል «ነፃ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ።
6. የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ካልታደሱ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።
7. ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል። ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ።

*ችግር ሲገጥም።* ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን ወኪል ከሆነ ውክልናውን አንብቡት። «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ከሌለው ማስተዳደር ብቻ ነው የተፈቀደለት። ውክልናው እንዳልተሻረ የሰጠው ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የሻንሲው ቁጥር የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ፊደሉ የተንጋደደ ከሆነ ዋጋ አትደራደሩ። ደህና ዋሉ ብላችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ሞተሩን ብርድ ላይ ያዙት

ሻጩን «ጠዋት እመጣለሁ፣ እስክደርስ አታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ከሞቀ አንድ ነገር ተደብቋል ማለት ነው። ሌላ ቀን ቅጠሩ።

ይዛችሁ ሂዱ፦ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት፣ ካርቶን፣ የማያዝኑለት ልብስ። የራሳችሁን መካኒክም። ሻጩ የጠቆመውን መካኒክ አይደለም። የደላላውን የአክስት ልጅም አይደለም።

ሞተር። የራዲያተሩን ክዳን የምትከፍቱት ሞተሩ ብርድ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ከከፈታችሁት ፊት ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ተፈቶ ሊወርድ ነው። እዚያው አቁሙ።

አሁን አስነሱት። ጠዋት ላይ ትንሽ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ከጠፋ ደግ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካልቆመ ውሃ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅና የአየር ሚዛን መዛባት ነው፤ ናፍጣ ላይ አንዳንዴ በቀላሉ ይስተካከላል። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ላላ አድርጉ። በጭስ ተገፍቶ የሚዘል ከሆነ ሞተሩ አልቋል።

አካል። ማግኔቱን በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ) እና በበሮቹ ላይ አሳልፉ። የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለ። ትንሽ ስቱኮ ኃጢአት አይደለም፤ ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ያልነካው መኪና ማግኘት ይከብዳል። ጣሪያው ላይ ስቱኮ ካለ ግን መኪናው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ባቱላሜራ (ላሜራ አቃኚው) ቢያሳምረውም ሻንሲው አይረሳም።

ሥር። ካርቶኑን አንጥፉና ተኙ። ሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ ወይም መጠምዘዝ ፈልጉ። አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ሞላ) ተሰንጥቆ እንደሆን እዩ። ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ አግኙ። ቀጥሎ ወደ ፊት የሚሄደውን። የእኔን ታሪክ አስታውሱ፤ ሁለቱንም በእጃችሁ ንኩ። ራቭፎር ከሆነ የኋላ ዲፈረንሻል (በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለው የማርሽ ሳጥን) እና ወደ እሱ የሚሄድ ዘንግ መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ መኪና ነው። ቴሪዮስ ከሆነ ግን ወደ ፊት ጎማ የሚሄደውን ፈልጉ፤ ከሌለ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ነው።

የጎርፍ መኪና። ጣና ዳር ስለሆንን ይህ ልዩ ክፍል ይገባዋል። የጣና ውሃ እንደ ባሕር ውሃ ጨው የለውም፤ ብረት በፍጥነት አይበላም። ነገር ግን ጎርፍ ውስጥ የቆመ መኪና ሽቦውና ዘይቱ ይበላሻል። ምንጣፉን አንሱና አሽትቱ። የወንበሩን ብሎን ዝገት፣ የስኮርታውን ጎድጓዳ ቦታ ደለል፣ የመብራት ውስጥ ጭጋግ እዩ። መካኒኩ የዲፈረንሻሉን ቡሽ ከፍቶ ዘይቱን በጣቱ ይንካ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል።

ደረጃ 6፦ አራቱ ጎማ ይጎትታል?

ከተማ ውስጥ ማንም ፎር ዊል አያስገባም። ስለዚህ ለዓመታት ሳይሠራ ቆይቶ ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል። ይህ ሙከራ በማንሻ ወይም በቁልፍ ለሚገባው ዓይነት ነው። በሦስት ጊዜ ማንበብ ተለማመዱት፤ ከዚያ ሂዱ።

1. ደልዳላ የአፈር ቦታ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ አድርጉ። ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፉ።
2. ፎር ዊሉ 2ኤች ላይ እያለ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱ። በእጅ አሽከርክሩት። መዞር አለበት። ስትዞር የምትሰሙት ጉርጉርታ የኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ብረት) ነው፤ ጻፉት።
3. አውርዱት። ድንጋዩን አንሱ። የፊት ጎማው መሃል ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል ማዞሪያ ካለው ሁለቱንም ወደ «ሎክ» አዙሩ። ብዙ ጀማሪ የሚረሳው ይህንን ነው።
4. አስነሱ። 4ኤች አስገቡ። 10 ሜትር ያህል ቀጥ ብላችሁ ወደ ፊት ሂዱና ቁሙ። ወደ ኋላ አትመለሱ፤ በአንዳንድ መኪና ላይ የፊት መያዣው ይለቃል።
5. ሞተሩን አጥፉ፤ ማርሹን፣ ፍሬኑንና ድንጋዩን እንደገና አዘጋጁ። ያንኑ ጎማ አንሱ።
6. በእጅ ለማሽከርከር ሞክሩ። ትንሽ ላላ ብሎ መያዝ አለበት። እንደ ቅድሙ በነፃነት ከዞረ የፊት ጎማ አልተገናኘም። ፎር ዊል የለም።
7. አውርዱ፤ ድንጋዩን አንሱ፤ አስነሱና 4ኤልን ሞክሩ። ሙሉ በሙሉ ቁሙ፤ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አስገቡ። አንደኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። መኪናዋ በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብላ መሳብ አለባት።

*ማስጠንቀቂያ።* ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ማንም አካሉን አያስገባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

*ካልገባ።* በጉልበት አትግፉት። ማርሹን ኒውትራል ላይ (ምንም ሳይገባ) አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ፊት አንከባልሉና እንደገና ሞክሩ። ገብቶ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ አልቋል። የዳሽቦርድ መብራቱ ብቻ የሚብለጨለጭ ከሆነ ችግሩ የሽቦ ወይም የስዊች ሊሆን ይችላል። መካኒኩ የጥገናውን ዋጋ በወረቀት ይጻፍ፤ በዚያ ትደራደራላችሁ። «ይሠራል፣ ስላልተነዳ ነው» የሚለውን ሻጭ «እንግዲያው አሠርተህ ጥራኝ» በሉት።

ለራቭፎርና ለቴሪዮስ ጠጠር የበዛበት ዳገት ፈልጉ። አንድ ጓደኛ ራቅ ብሎ በጎን ይቁም። ከቆማችሁበት ስትነሱ የፊቱም የኋላውም ጎማ ጠጠር መግፋቱን ይመልከት።

ደረጃ 7፦ ንዱት

ቢያንስ 40 ደቂቃ። ከአባይ ድልድይ እስከ ፓፒረስ ሰፈር ዞር ብሎ መመለስ ሙከራ አይደለም። ወደ ቤዛዊት የሚያወጣው ዳገት ቅርብ ነው፤ እዚያ በሁለተኛ ማርሽ ውጡ። ፍሪሲዮኑ እያሸተተ ሞተሩ ጮሆ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት መለኪያውን አትርሱ። ከፍታ ላይ ውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ ደካማ ራዲያተር ዳገት ላይ ይጋለጣል።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ከሆነ ከከተማ ወጣ ባለ የጠጠር መንገድ ትንሽ ሂዱ። መሪው ቢንቀጠቀጥ፣ ከሥር ኳኳታ ቢመጣ እዚያ ነው የምትሰሙት። ቴፑን አጥፉ። ሻጩ ወሬ ካበዛ «ዝም እንበልና እንስማው» በሉት። ቅር ካለው የሚደብቀው ነገር አለ።

አንድ ነገር፦ በማንሻ የሚገባውን ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብታችሁ አትንዱ። ጥምዝ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። አስፋልት ጎማ አያንሸራትትም፤ ጭንቀቱ በሙሉ ዘንጉና ማርሹ ላይ ያርፋል።

ጎማዎቹን እዩ። ጎኑ ላይ ባለው አራት አኃዝ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ይናገራሉ። 1219 ማለት የ2019 12ኛ ሳምንት ነው። አራቱም መጠናቸው አንድ ይሁን። የተለያየ መጠን ያለው ጎማ ፎር ዊሉን ራሱን ይጎዳል።

ደረጃ 8፦ ቀብድና ውል

አሁን ስለ ብር ማውራት ይቻላል።

የመካኒኩን ዝርዝር ይዛችሁ ተቀመጡ። «ቀንሱልኝ» አይሠራም። «ጎማ ይህን ያህል፣ ፍሪሲዮን ይህን ያህል» ይሠራል። የደላላ ኮሚሽን ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ምስክር ይፈርም። በሕጋችን ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ለዚህ ነው ትንሽ ቀብድ መስጠት የሚሻለው። ወረቀቱ ላይ ይህንን አስገቡ፦ ዕዳ ወይም ዕገዳ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

ቀሪውን የምትከፍሉት ሽያጩ በሚጸድቅበት ቀን፣ በባንክ ዝውውር ነው። ደረሰኙን ያዙ። ስም ሳይዞር «ለጊዜው በውክልና ንዳው» ለሚል ሻጭ አይ በሉ። ውክልና ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ጣጣው ከወራሾች ጋር ነው።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ወር

ዘይት ቀይሩ። የሞተሩን ብቻ አይደለም፤ አምስት ቦታ ነው፦ ሞተር፣ ካምቢዮ (ዋናው የማርሽ ሳጥን)፣ የፎር ዊሉ ማርሽ ሳጥን፣ የፊት ዲፈረንሻል፣ የኋላ ዲፈረንሻል። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ቀይሩት። ከተበጠሰ ሞተር ሊያበላሽ ይችላል። በወር አንዴ አፈር ላይ ፎር ዊሉን አስገብታችሁ ጥቂት ንዱ፤ ሳይሠራ ከቆየ ይደርቃል።

ከሰኔ በፊት መኪናው ውስጥ ይግቡ፦ አካፋ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ የጎማ መንፊያ። ጣውላ የሌለው ክሪክ ዋልካ ላይ ወደ መሬት ብቻ ይሰምጣል።

*ስትቀረቀሩ።* ጎማው ሲዞር መኪናው ካልሄደ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ጉድጓዱን ነው የምትቆፍሩት። ውረዱ። ጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ አንሱ፤ ድንጋይና ቅርንጫፍ አንጥፉ። የጎማውን ንፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ ቀንሱ። 4ኤል፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ መሪው ቀጥ ያለ፣ ቀስ ያለ ነዳጅ። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ንፋሱን መልሱ።

ይህም ካልሆነ መጎተት ነው። ገመዱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ካለው መንጠቆ ጋር ነው። ሲሳብ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ፤ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል። በሬ ቢመጣላችሁም ቦታው ያው መንጠቆው ነው። የእኔን ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) ላይ አስረውት እስከ ዛሬ እንደተንጋደደ ነው።